በማዳበሪያ ውስጥ ሰባት ኤርባግ

አዲስ አበባ ውስጥ በአፕ የጠራችሁት ታክሲ ጋቢና ስትቀመጡ ከመሪው ጀርባ፣ ፍጥነት መለኪያው አካባቢ፣ አንዲት ትንሽ ቀይ ሥዕል ፈልጉ። የተቀመጠ ሰው ነው፤ ደረቱ ፊት ትልቅ ኳስ አለ። መኪናው ሲነሳ ለጥቂት ሰኮንድ በርታ መጥፋት አለባት። ካልጠፋች ኤርባጉ ችግር አለበት ማለት ነው። ጭራሽ ካልበራች ደግሞ ይብሳል፤ አንድ ሰው አምፖሏን ነቅሏታል። እኔ ሾፌሮቹን እጠይቃለሁ፣ ልማድ ሆኖብኛል። መልሱ ብዙ ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ነው፦ «እሱ ሁሌም እንደዚያው ነው» ወይም «ኤርባጉ ወጥቷል፣ አታስቢ።»

እሺ ወጥቷል። ወጥቶ የት ሄደ?

በሙያዬ ኮድ ጻፊ ነኝ። ዲግሪዬ ግን መካኒካል ኢንጂነሪንግ ነው፤ ያን ሁሉ ቴርሞዳይናሚክስ ተምሬ ዛሬ የምውለው የክፍያ ሲስተም ሎግ ሳነብ ነው። አጎቴ ሳሪስ አካባቢ ጋራዥ አለው፤ በቆርቆሮ የታጠረ፣ ተጣቦ አራት መኪና የሚይዝ። ከተመረቅኩበት ቀን ጀምሮ ስሜን ትቶ «ኢንጂነሯ» ነው የሚለኝ። ግማሹ ኩራት፣ ግማሹ ፉገራ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እሱ ጋ ሄጄ ቡና እጠጣለሁ፤ ኮምፒውተር የሚፈልግ መኪና ካለም ላፕቶፔን ሰክቼ ኮዱን አነብለታለሁ። ስለ ኤርባግ የማውቀውን ግማሹን ከትምህርት ቤት ሳይሆን ከዚያ ግቢ ነው ያገኘሁት።

መጀመሪያ መብራቷ እንዴት እንደምትታለል ልንገራችሁ፤ ኮድ ለሚጽፍ ሰው ቶሎ የሚገባ ነገር ነው። የኤርባጉ ኮምፒውተር መኪናው በተነሳ ቁጥር ወደ እያንዳንዱ ኤርባግ እጅግ ትንሽ ኤሌክትሪክ ልኮ «አለህ?» ይላል። ማቀጣጠያው 2 ኦም ገደማ ሬዚስታንስ አለው። ኮምፒውተሩ ያን ካገኘ ዝም ይላል፣ ካላገኘ መብራቷን ያበራል። ታዲያ ኤርባጉ ወጥቶ ከተሸጠ በኋላ ኤሌክትሪሺያኑ ባዶው ሶኬት ላይ የጥቂት ብር ሬዚስተር ይሰካበታል። ኮምፒውተሩ ሲጠይቅ «አለሁ» የሚል መልስ ያገኛል። መብራቷ ትጠፋለች፣ ደንበኛው ይከፍላል፣ መኪናው ይሸጣል። ኤረሩን ይዞ ምንም ሳያደርግበት የሚውጥ ትራይ ካች ማለት ይሄ ነው። ሁሉም ነገር አረንጓዴ ነው፣ ፕሮዳክሽን እስኪወድቅ ድረስ።

ይሄ ግን የመኪናው ታሪክ ነው። እኔን የያዘኝ የወጣው ዕቃ ነው።

ኤርባግ የሚለው ስም ራሱ ያሳስታል። ውስጡ አየር የሚነፋ ፓምፕ ያለ ያስመስላል። ፓምፕ የለም። ሴንሰሩ ግጭቱን ካወቀበት ቅጽበት ከረጢቱ እስኪሞላ 30 ሚሊሰኮንድ ገደማ ነው የሚፈጀው። ዓይን እርግብ ለማለት እንኳን ከ100 ሚሊሰኮንድ በላይ ያስፈልጋል። እኔ የምሠራበት ሰርቨር በ200 ሚሊሰኮንድ ከመለሰ ተጨባብጠን ነው የምንወጣው። በመሪውና በዳሽቦርዱ ውስጥ ያለው ኤርባግ በዚያ ፍጥነት እንዲሞላ የሚያደርገው የሚነድ ኬሚካል ነው፤ ጡጫ በምታህል የብረት ቆርቆሮ ውስጥ በክኒን መልክ የታጨቀ። ኤሌክትሪኩ ማቀጣጠያውን ይለኩሳል፣ ክኒኖቹ ይነዳሉ፣ ጋዙ በማጣሪያ አልፎ የናይለን ከረጢቱን ይሞላል። እስከ 1990ዎቹ ድረስ ብዙዎቹ ውስጥ የነበረው ሶዲየም አዛይድ የሚባል መርዝ ነው። አዲሶቹ የመርዝነታቸው ነገር ቀንሷል፣ መንደዳቸው ግን ያው ነው።

ስለዚህ የፈነዳ ኤርባግ ጨርቅና ብረት ነው። ያልፈነዳ ኤርባግ ግን ከመኪናው ከወጣ በኋላም ሥራውን አልጨረሰም። እሳት ይጠብቃል፣ ወይም ሁለት ኤ የማይሞላ ኤሌክትሪክ ለሁለት ሚሊሰኮንድ ያህል።

አሁን ወደ ጃፓን ልውሰዳችሁ፤ መንገዶቻችንን የሞሉት ቪትዞች የተወለዱት እዚያ ነው። ጃፓን እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለ የመኪና ሪሳይክል ሕግ አላት። እኔ ሳነበው ትዝ ያለኝ እድር ነው። አዲስ መኪና የሚገዛ ሰው ገና ሲገዛ ለመኪናው ቀብር ይከፍላል፤ ለተራ የቤት መኪና ብዙውን ጊዜ 10 ሺህ የን ገደማ። ገንዘቡ የሚቀመጠው መኪናው የሞተ ቀን ሦስት ነገሮችን በአግባቡ ለማስወገድ ነው፦ የማቀዝቀዣውን ጋዝ፣ መኪናው ተፈጭቶ የሚቀረውን ብናኝ፣ እና ኤርባጉን። መኪናው በእጅ ከእጅ ሲሸጥ የእድሩ ገንዘብ አብሮ ይተላለፋል። እስከዚህ በጣም ያስቀናል።

መኪናው ወደ ውጭ ሀገር ከተሸጠስ? ያን ጊዜ ባለቤቱ አመልክቶ ገንዘቡን ይቀበላል። አመክንዮው ልክ ነው፤ መኪናው ጃፓን ውስጥ አይሞትማ። ግን ምን እንደሆነ ተመልከቱ። ኤርባጉ መርከብ ተሳፍሮ ይመጣል፣ ለማስወገጃው የተከፈለው ገንዘብ ዮኮሃማ ይቀራል። እኛ ጋ የሚደርሰው እድሩን ተመላሽ የወሰደ ሟች ነው።

አውሮፓም ሕግ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው መመሪያ ዕድሜው ያበቃ መኪና ከመፈጨቱ በፊት እንደ ኤርባግ ያሉ ሊፈነዱ የሚችሉ ክፍሎች እንዲወጡ ወይም እንዲመክኑ ያዛል። እሱም የሚሠራው መኪናው እዚያው ከሞተ ነው።

የቪትዝ ነገር ደግሞ አንድ ዙር ይጨምራል። ቪትዝ እስከ እ.ኤ.አ. 2020 ድረስ ጃፓን ውስጥ ይሸጥበት የነበረው ስሙ ነው፤ ሌላ ሀገር ያሪስ ይባላል። ጃፓን ደግሞ መሪ በቀኝ ነው። ስለዚህ መሪው በግራ የሆነ ቪትዝ ካያችሁ፣ በመንገዱ አንድ ቦታ፣ ብዙውን ጊዜ ዱባይ፣ ዳሽቦርዱ ተፈትቶ መሪው ተዞሯል ማለት ነው። በዚያ ሰዓት የኤርባጉን ሽቦ ማን ነካው? በምን አገናኘው? መኪናው ወረቀት አለው፣ ለዚህ ግን ወረቀት የለውም። (የአባቴ ዲኤክስ ኮሮላ ኤርባግ የሚባል ነገር አልነበራትም። በደህንነት ስትለካ አስፈሪ ነበረች፤ ስትፈታ ግን ከብረትና ከዝገት ሌላ ምንም አይወጣትም ነበር።)

አጎቴ ጋ ያሉት እንዲህ ነው የተጠራቀሙት። የተጋጨ መኪና ይመጣል፤ የሾፌሩ ፈንድቷል፣ የጎኑ ተሳፋሪ አልፈነዳም። ወይም ባለቤቱ ሙሉ ዳሽቦርድ ከሶማሌ ተራ ገዝቶ ያመጣል፣ አሮጌው እዚያው ይቀራል። አጎቴ የሚጥል ሰው አይደለም። ስምንት ዓመት ውስጥ ሰባት ያልፈነዱ ኤርባጎች በአንድ የማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ ገብተው ከዘይት ጀሪካኖቹ ኋላ ተቀምጠው ነበር። እኔ ያወቅኩት ባለፈው ክረምት፣ ቆራሌው የመጣ ቀን ነው።

ቆራሌው በወር ሁለቴ ይመጣል። ያረጀ ራዲያተር፣ የተጣመመ ላሜራ፣ ባዶ ጣሳ በኪሎ መዝኖ ይወስዳል። ያን ቀን ረዳቱ፣ 17 ዓመት የሆነው ልጅ፣ ጆንያውን ጎትቶ ለሚዛን አወጣው። አጎቴ አየውና አንዱን አንስቶ፣

«ይሄ እንኳን ይሸጣል። እስኪ የሚሠራ መሆኑን እይልኝ» አለው።

ልጁ ጎበዝ ነው፤ ኤሌክትሪክ ቶሎ ገብቶታል። በርጩማው ላይ ቁጭ አለ፣ የመሪውን ኤርባግ ጭኑ ላይ አስቀመጠ፣ ክዳኑን ወደ ሆዱ አዙሮ፣ ቴስተሩን ኦም ላይ አደረገ።

«ተው!» አልኩ። እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። ስኒው ከእጄ ወድቋል።

ቴስተር ኦም ሲለካ ከራሱ ባትሪ ኤሌክትሪክ ይልካል። ብዙውን ጊዜ ማቀጣጠያውን ለመለኮስ አይበቃም ይሆናል፤ ነገር ግን የመኪና ፋብሪካዎቹ የጥገና መጻሕፍት ኤርባግን በቴስተር አትለኩ ብለው በግልጽ የሚከለክሉት በ«ይሆናል» ስለማይሠራ ነው። ልጁ ላይ ጭኑን፣ ሆዱን፣ አገጩን ነው ያየሁት። ይሄን ስነግራቸው አጎቴ ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ቆራሌውን «ወንድሜ፣ ይሄ ለዛሬ አይሸጥም» ብሎ ጆንያውን ራሱ ተሸክሞ መለሰው። ልክ እንደ ታመመ ሕፃን ነው የያዘው።

ቆራሌው ወስዶት ቢሆን የት ይደርሳል? ቁርጥራጭ ብረት በየደረጃው ይሸጣል፤ ምናለሽ ተራ አንድ ሰው በመዶሻ ይከፍተዋል፣ ውስጡ አሉሚኒየም አለ ብሎ። ካልተከፈተ ይጨመቃል። ካልተጨመቀ ቁርጥራጭ አቅልጦ ፌሮ የሚሠራ ፋብሪካ እቶን ውስጥ ይገባል። ሦስቱም ቦታ ፊት ለፊቱ ሰው አለ። ከቆሻሻ ጋር ብንጥለውም ቆሻሻችንን በእጃቸው የሚለዩ ሰዎች አሉ። ከመኪና ለማውጣት አንድ ቀን የማይፈጅ ነገር፣ ከከተማዋ የሚወጣበት በር የለውም።

ስልክ መደወል ጀመርኩ። የደወልኩባቸውን ስም እተዋለሁ። አንዱ «ቆሻሻ ከሆነ ክፍለ ከተማ ጠይቂ» አለኝ። ክፍለ ከተማ «ፈንጂ ከሆነ ፖሊስ» አለኝ። ፖሊስ ጣቢያ ስልኩን ያነሳው ሰው በጣም ትሁት ነበር፤ ኤርባግ ምን እንደሆነ አስረድቼው ሲያበቃ «ታዲያ ወንጀሉ ምንድን ነው?» አለኝ። አንድ መኪና አስመጪ ደግሞ እኛ ከሸጥነው መኪና ካልወጣ አንቀበልም አለ። እውነቱን ለመናገር ማናቸውም አልዋሹም። እያንዳንዱ ፈንክሽን የራሱን ግብአት ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ይሄን ጉዳይ የሚቀበል ፈንክሽን ማንም አልጻፈም።

መውጫውን ያገኘው አጎቴ ነው። ከጥንት ባልደረቦቹ አንዱ በአንድ ትልቅ ወርክሾፕ ሲሠራ ለዚሁ ሠልጥኖ ነበር፤ አሁን ጡረታ ወጥቷል፣ መሣሪያው ግን እጁ ላይ አለ። ሽማግሌው መጣ፤ ሰባቱንም አንድ በአንድ፣ ክዳናቸውን ወደ ላይ አድርጎ፣ ሳይደራርብ መሬት ላይ ደረደራቸው። መነጽሩን አድርጎ ከጀርባቸው ያለውን መለያ ማንበብ ጀመረ። ሁለቱን ከሌሎቹ ለየና ራቅ አድርጎ አስቀመጣቸው።

«እነዚህን አልነካም» አለ።

መለያው ላይ ያለው ስም ታካታ ነበር።

ይሄን ስም የማታውቁት ካላችሁ፤ ታካታ የጃፓን ኩባንያ ነበር፣ በዓለም ላይ ከትልልቆቹ ኤርባግ ሠሪዎች አንዱ። በብዙ ምርቶቹ ውስጥ የተጠቀመበት አሞኒየም ናይትሬት ርካሽ ነው፤ ሙቀትና እርጥበት ለዓመታት ሲፈራረቅበት ግን ይበላሻል። የተበላሸው ክኒን ሲለኮስ ከታሰበው በላይ ፈጥኖ ይነድና የብረት ቆርቆሮውን ራሱን ይበጣጥሰዋል። ከረጢቱ ሳይሆን የብረት ስባሪ ነው ሰው ላይ የሚመጣው። በዓለም ዙሪያ ከ30 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ አንዳንዶቹ የሞቱበት ግጭት ራሱ ቀላል ነበር። አሜሪካ ውስጥ ብቻ ወደ 67 ሚሊዮን የሚሆን እንዲመለስ ተጠርቷል፤ በመኪና ታሪክ ከዚህ የሚበልጥ ጥሪ የለም። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2017 ኪሳራ አወጀ። ከተጠሩት መኪኖች ውስጥ ኮሮላና ያሪስ አሉ።

ሁለት ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2016 ቴክሳስ ውስጥ የታካታን ዕቃ የጫነ የጭነት መኪና ተጋጭቶ ፈነዳ፤ መንገድ ዳር ያለ ቤት ወደመ፣ ውስጡ የነበረች ሴት ሞተች። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ላስ ቬጋስ ውስጥ አንዲት ወጣት ክፉኛ ተጎዳች፤ መኪናዋ ውስጥ የነበረው ኤርባግ ከሌላ የተጋጨ መኪና ወጥቶ የተገጠመ ነበር። ቤተሰቧ ሲገዙት አያውቁም። የሶማሌ ተራ አሠራር የኛ ብቻ አይደለም ለማለት ነው።

«አዲስ አበባ ብርድ ነው፣ እዚህ አይበላሽም» ይላል ረዳቱ፤ ስነግረው ቶሎ አሰበበት። መልካም ሐሳብ ነው። ግን መኪናው አዲስ አበባ ከመምጣቱ በፊት ስንት በጋ ዱባይ ቆሞ አሳለፈ? ኤርባግ ያሳለፈውን ሙቀት የሚመዘግብ ሎግ የለውም። ታካታ የሠራው ሁሉ አደገኛ ነው ማለትም አይደለም፤ የቱ እንደሆነ የሚታወቀው በሻንሲ ቁጥር ነው። እነዚያ ሁለቱ የወጡባቸው መኪኖች ደግሞ ከሄዱ ቆይተዋል።

አምስቱን አንድ እሑድ ጠዋት ከከተማ ወጣ ብሎ ያለ የድንጋይ መፍጫ ግቢ ወሰድናቸው። ሽማግሌው ከሁሉ አስቀድሞ ያዘዘን ለቀበሌው ሚሊሻና በአቅራቢያው ላለው ፖሊስ እንድንናገር ነው። በዚህ ዘመን እንደ ተኩስ የሚሰማ ነገር አምስት ጊዜ አጩኸን «ኤርባግ ነው» ብንል ማን ይሰማናል? አንድ ሚሊሻ አብሮን መጣ፤ ምን እንደምናደርግ ለማየት ነው፣ ቁርስም ስላልበላ።

ሥራው ከጠበቅኩት በላይ ቀስ ያለ ነው። አሮጌ ጎማዎች ተደራርበው በሽቦ ይታሰራሉ። ኤርባጉ ከታች ያለው ቸርኬ ላይ ይታሰራል፣ ክዳኑ ወደ ላይ። ከመሣሪያው እስከ ኤርባጉ ያለው ሽቦ ከ10 ሜትር ይበልጣል። ባትሪው በመጨረሻ ነው የሚገናኘው፣ ሁሉም ሰው ከራቀ በኋላ፤ ሽማግሌው እያንዳንዳችንን በጣቱ ይቆጥራል፣ ሚሊሻውንም ጭምር። ይሄን የምጽፈው እናንተ እንድትሞክሩት አይደለም። እሱ 30 ዓመት መኪና ላይ የኖረ፣ የሠለጠነ ሰው ነው፤ እኔ ዲግሪ ይዤ ሥራዬ ጎማ ማቀበል ነበር።

የመጀመሪያው ሲፈነዳ ጆሮዬ ሳይሆን ደረቴ ነው የሰማው። ጎማዎቹ ዘለው ተመለሱ። ነጭ ጭስ፣ የባሩድ ሽታ የመሰለ ነገር። ረዳቱ ሮጦ ሊያይ ሲል ሽማግሌው በአንገትጌው ያዘው፦ «30 ደቂቃ። ብረቱ ይፈጃል።» አራተኛው አልፈነዳም። መሣሪያው ተጫነ፣ ዝም። ሽማግሌው ባትሪውን ነቀለና ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ቆሎ አወጣ። ማንም ቶሎ በል አላለውም። ጊዜው ሲደርስ ብቻውን ሄዶ አየው፤ የሽቦው ማያያዣ ላልቶ ነበር። አምስተኛው፣ የተሳፋሪው ጎን፣ ከሁሉም ይበልጣል፤ የላይኛውን ጎማ ገለበጠው። ሚሊሻው ሳቀና፣ «ይሄን መኪና ውስጥ ነው የሚያስቀምጡት?» አለ።

የቀረውን ጨርቅና ብረት በጓንት ሰብስበን በላስቲክ አሰርን። በሚቀጥለው ሳምንት ቆራሌው መዝኖ ወሰደው። አጎቴ ከአምስት ኤርባግ ያገኘው ብር የነዳጁን ሩብ አይሸፍንም። አንዱን ብቻ ሳያፈነዳ ቢሸጠው ግን የሁለት ቀን ገቢው ነበር፤ ይሄን እሱም ያውቃል፣ ጎረቤት ያሉት ጋራዦችም ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ ያሉት አሮጌዎቹ ገና ብዙ ዓመት ይጠገናሉ፤ ከተጋጨ መኪና የወጣ ዕቃ ደግሞ ውድ ሆኗል። ኤሌክትሪክ መኪኖቹም ቢሆኑ ኤርባጋቸው ያው የሚነድ ነው።

ሁለቱ ታካታዎች አሁንም ጋራዡ ውስጥ ናቸው። አጎቴ ቁልፍ ያለው የብረት ካዝና ገዛላቸው፤ ከብየዳው ቦታ ራቅ ብሎ፣ ፀሐይ የማያገኘው ጥግ ላይ ነው። በሩ ላይ በማርከር «አይነካም» ብሎ ጻፈ። ቀጥሎ ረዳቱ በትንንሽ ፊደል «በቴስተርም» ብሎ ጨመረበት።

አሁን የተጋጨ መኪና ሲገባ ልጁ መጀመሪያ የባትሪውን ነጌቲቭ ይነቅላል፣ ከዚያ ስልኩ ላይ 90 ሰኮንድ ይቆጥራል፤ ባትሪው ከተነቀለም በኋላ የኤርባጉ ኮምፒውተር ለመለኮስ የሚበቃ ኤሌክትሪክ ይዞ ስለሚቆይ ነው። ከዚያ ታርጋውንና ሻንሲውን ደብተር ላይ ይጽፋል። ደብተሩን እኔ ወደ ኤክሴል እገለብጠዋለሁ፤ ለማን እንደምሰጠው ባላውቅም።

ባለፈው ማክሰኞ ሚቲንግ ላይ እያለሁ ደወለልኝ። አንድ ያሪስ ገብቷል፣ ጎኑ የተመታ፣ የተሳፋሪው ኤርባግ ያልፈነዳ። መለያውን ፊደል በፊደል አነበበልኝ። ሻንሲውን በኢንተርኔት አየሁት። ከተጠሩት ውስጥ ነው።

«ካዝናው ይበቃል?» አልኩት።

«ለሦስት ይበቃል፣ እህቴ» አለኝ። «ጋሼ ግን ሌላ ትልቅ እያየ ነው።»